ወንድ ይግፋ

ከጥቁር ዱር ወደ እንኮይ አፋፍ የሚያወጣውን ዳገት የአገሩ ሰው «ወንድ ይግፋ» ይለዋል። መንገደኛ ስሙን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ የአገሩ ሰው ግን ፈገግ አይልም። በእንኮይ አፋፍ ሰው ሲሞት የለቅሶው ቤት ማገዶ የሚመጣው በዚህ ዳገት ነው፤ የሚመጣውም በሴት ጀርባ አይደለም፣ በቅሎ በሚጎትተው ጋሪም አይደለም፣ ዛሬ ዛሬ እስከ ገበያው በሚዘልቀው ባጃጅም አይደለም። የመንደሩ ወንዶች አንድ ተሽከርካሪ እግር ብቻ ያለውን የእጅ ጋሪያቸውን ይዘው ይወርዱና፣ ፍልጡን ጭነው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው እየገፉ ይወጣሉ። ሲገፉ አይዘፈንም፣ አይወራም፤ የሚሰማው የጋሪው እግር ሲጥሲጥታና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። «ብዙ የሚጭን ጋሪ እያለ ይህን ሁሉ መከራ ለምን?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ካለ፣ ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው ይነግሩታል።

እንደሚነገረው፣ ጠላት ከአገር ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በእንኮይ አፋፍ ባሻ ደምሰው የሚባል ሰው ነበር። በአርበኝነቱ ዘመን ግራ ትከሻው በጥይት ተበስቶ የዳነ፣ ብዙ የማይናገር፣ በሸንጎ ግን እሱ ቃል ካልሰጠበት ነገሩ ተቋጨ የማይባልለት ሰው ነበር። ሚስቱ አቻምየለሽ ትባላለች። ልጆቻቸው ሩቅ አገር ተድረው ስለሄዱ ሁለቱ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ውኃውም፣ ወፍጮውም፣ እንጨቱም በእሷ ላይ ነበር። ይህ ደግሞ የባሻ ደምሰው ክፋት አልነበረም፤ የአገሩ ልማድ ነበር። «ጦር ለወንድ፣ እንጨት ለሴት» ይባል ነበር፤ እንጨት ተሸክሞ የታየ ወንድ እስከ ልጅ ልጁ ድረስ የሚጠራበት ስም ይወጣለት ነበር።

በአፋፉ ላይ የነበረው ወይራና ጽድ በወረራው ጊዜ የሰፈረ ጦር ጨፍጭፎ ስለጨረሰው፣ ማገዶ የሚገኘው ከገደሉ ሥር ካለው ጥቁር ዱር ብቻ ነበር። ከዱሩ የሚያወጣው መንገድ አጋማሹ ላይ አንድ ጠባብ ስፍራ አለ፤ በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ገደል ነው። ስፍራው «አንገት» ይባላል። የተጫነ አህያ ጭነቱ ቋጥኙን እየታከከ ወደ ገደሉ ስለሚገፋው አያልፍበትም። ስለዚህ የእንኮይ አፋፍ ማገዶ በሙሉ በሴቶች ጀርባ ላይ ሆኖ፣ በአንገት በኩል፣ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያልፈው።

ክረምት በገባ ሰሞን አንድ ቀን፣ አቻምየለሽ አንገት ላይ እግሯ አዳለጣት። ሸክሙ ወደ ገደሉ ጎተታት፤ እሷም ከሸክሙ ጋር ወረደች። ከኋላዋ የነበሩት ሴቶች እየጮኹ ወደ መንደር ሮጡ። ባሻ ደምሰው ከሰዎች ጋር ወርዶ ሲያገኛት አንድ ቁጥቋጦ ይዟት ነበር፤ በሕይወት አለች፣ ወገቧ ግን አይታዘዝላትም። እንጨቱም እንደታሰረ ከጀርባዋ አልወረደም።

«አንቱ፣ እንጨቱ ረጠበ እንዴ?» አለችው፣ ዓይኗን ገልጣ።

«እንጨቱን ተይው፣ አቻም።»

«ነገ ታዲያ ምን ሊነድ ነው?»

እሱ ደረቷ ላይ የተቋጠረውን ጠፍር ሊፈታ እጁን ሰደደ፤ ግን ቋጠሮውን አያውቀውም ነበርና ከሴቶቹ አንዷ መጥታ ፈታችለት። ጠፍሩ ሲነሳ ከትከሻዋ እስከ ብብቷ የዞረ፣ እንደ በሬ ጫንቃ የጠነከረ ጠባሳ ታየው። ስንት ዘመን አብሯት ኖሮ አይቶት አያውቅም ነበር። የእሱን የጥይት ጠባሳ አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ በግብር ላይ ይነሳል፣ በፉከራ ይጠራል። የእሷን ግን እሱም አያውቀውም ነበር። ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጡ ገብቶ ተቀመጠ ይባላል።

በቃሬዛ አውጥተው ቤቷ አስተኟት። በማግስቱ ሸንጎ በተሰበሰበ ጊዜ የመንደሩ ሴቶች ሳይጠሩ መጡ፤ እያንዳንዳቸው የእንጨት ጠፍራቸውን በሽማግሌዎቹ ፊት ጣሉ። ከእነሱ አንዷም ቃል አልተናገረችም። በመጨረሻ፣ ቆብ የደፉ አሮጊት የሆኑት እማሆይ ወለተ ሐና በምርኩዛቸው ጠፍሩን እየነኩ፣ «አቻምየለሽ የመጀመሪያዋ አይደለችም። እናንተ እያስታወሳችሁ ቁጠሩ፤ እኛ መቁጠር ደክሞናል። ከእንግዲህ በምን እንደሚወጣ ንገሩን» አሉና ከዳር ተቀመጡ።

ከሽማግሌዎቹ አስቀድመው የተነሱት ግራዝማች ይናደው ናቸው፤ በአገሩ የብዙ በቅሎና የብዙ መሬት ባለቤት፣ ከተማ ደርሰው የተመለሱ ሰው ናቸው።

«እኔ በከተማ ያየሁትን ልንገራችሁ» አሉ። «ሁለት እግር ያለው ጋሪ አለ፣ በቅሎ ይጎትተዋል። የመንደሩ ሴት ሁሉ ተሰልፋ የምታወጣውን ማገዶ አንድ ጋሪ በአንድ ጉዞ ያወጣል። እንጨቱን አናጢ ላቀው ይጥረበው፤ በቅሎውን እኔ እሰጣለሁ። የሚያስቸግረው አንገት ብቻ ነው፤ ቋጥኙን ገምሰን መንገዱን ማስፋት ነው። ከዚያ በኋላ ሴቱም ያርፋል፣ ወንዱም ክብሩ አይነካም።»

ሸንጎው ደስ አለው፤ ብዙ ሰው «ይበል!» አለ። ያኔ አናጢ ላቀው ከወደ ኋላ ተነሣ። ነገር የማያውቅበት፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነበር።

«ጋሪ እሠራለሁ፣ አልከለክልም» አለ። «ግን ሁለት እግር ሁለት መሄጃ ይፈልጋል። አንገት ላይ ደግሞ ያለው አንድ መሄጃ ነው። በወረራው ጊዜ የመጡት መንገድ ሠሪዎች ትተውት የሄዱት አንድ እግር ያለው የእጅ ጋሪ እኔ ደጅ ወድቋል፤ ዶሮ ያድርበታል። እሱ ሰው ባለፈበት ሁሉ ያልፋል። ቋጥኝ መግመስ አያስፈልገውም። እርግጥ የሚጭነው ትንሽ ነው፤ ሁለት ሴቶች የሚሸከሙትን ያህል ቢሆን ነው። እንደሱ ያለ ግን ለየቤቱ አንድ አንድ ልሠራ እችላለሁ።»

«ማን ሊጎትተው?» አሉ ግራዝማች።

«አይጎተትም፣ ጌታዬ፤ ይገፋል። በሁለት እጀታ ይዞ የሚገፋው ሰው ነው። ዳገቱ ብርቱ ስለሆነም ወንድ ቢገፋው ይሻላል።»

ሳቅ ሆነ። ግራዝማችም እየሳቁ፣ «ስማ ላቀው፣ በቅሎ እያለኝ እኔ ራሴ በቅሎ ልሁን? የፎከረ ወንድ በእጀታ መካከል ገብቶ፣ አጎንብሶ፣ የእንጨት ጭነት እየገፋ በገበያ መካከል ሊያልፍ ነው?» አሉ። ሳቁ ጨመረ። ሴቶቹ ብቻ አልሳቁም።

ከዚያ ሁሉም ወደ ባሻ ደምሰው ዞረ፤ ነገሩ በእሱ ቤት የደረሰ ነውና ቃሉን እንዲሰጥ ይጠብቁ ነበር። እሱም አናጢው እውነት እንደተናገረ ልቡ ያውቅ ነበር። አንገትን ያውቃታል፤ ቋጥኟንም ያውቃል። ግን በዓይነ ሕሊናው ራሱን አየ፤ ጎንበስ ብሎ፣ ፍልጥ እየገፋ፣ አብረውት የዘመቱት ሰዎች በመንገድ ዳር ቆመው ሲያዩት አየ። ፊቱ ጋለ።

«ጋሪው ይሁን» አለ።

እማሆይ ወለተ ሐና ተነሥተው ጠፍራቸውን አነሡ። ሌሎቹም አነሡ። ጋሪው እስኪያልቅ፣ አንገትም እስኪሰፋ ድረስ ማገዶ የሚያወጣ ሌላ ጀርባ አልነበረምና።

አናጢ ላቀው ጋሪውን ሠራው፤ እንዲያውም አሳምሮ ሠራው። ወንዶቹም በአንገት ላይ ሥራ ጀመሩ። ቋጥኙ ግን ዶማ አልገባው አለ። አንድ ሰው ዘዴ ያውቅ ነበርና፣ በቋጥኙ ላይ ብርቱ እሳት አንድደው በጋለ ጊዜ ውኃ ያፈሱበት ጀመር፤ ድንጋዩም እየተሰነጠቀ ትንሽ ትንሽ ይወርድ ነበር። ለዚያ እሳት የሚነደውን እንጨት የሚያመጡት ሴቶቹ ነበሩ።

አቻምየለሽ ይህን በተኛችበት ሰማች። «እንጨት ላለመሸከም እንጨት ይሸከማሉ አሉ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሁልጊዜ ሰው የሚያስቅ ሳቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ባሻ ደምሰው ከእሷ ጋር መሳቅ አልቻለም። ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣና ቆሞ ቆይቶ ተመለሰ።

ክረምቱ በረታ። በእሳት የተሰነጣጠቀው ቋጥኝ ውኃ ሲገባበት አንድ ማለዳ ተንዶ ወረደ፤ ሲወርድም የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ሄደ። ሊሰፋ የታሰበው አንገት ከቀድሞው ይልቅ ጠበበ። ጋሪው ከአፋፉ ላይ፣ በሣር ክዳን ሥር፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይጫን ቆመ። ሴቶቹም በጠበበው መንገድ ቋጥኙን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እንደ ቀድሞው ይወርዱና ይወጡ ነበር።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል አቻምየለሽ ባሰባት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባሻ ደምሰው ውኃ ሲያጠጣት እጁን ያዘችው።

«አንቱ፣ ያን የአናጢውን ዕቃ ሰው ገፍቶት ያውቃል?»

«ማንም አልገፋውም።»

«እንዴት እንደሚሄድ ባይ ደስ ባለኝ ነበር» አለች። «በአንድ እግሩ አይወድቅም?»

«እንጃ» አለ። በማግስቱ ማለዳ ነፍሷ ወጣች።

ቀበሯት። አገር ሁሉ ለለቅሶ ተቀመጠ፤ ከሩቅም ዘመድ መጣ። ዝናቡ ለሰዓታት ጋብ ብሎ ነበር። ለለቀስተኛው ንፍሮ ሊጣድ ሲል ግን ማገዶ ታጣ፤ በቤቱ የነበረው ለአስከሬኑ ማጠቢያ ውኃ ነዶ አልቋል፣ የጎረቤቱም እርጥብ ነው። ባሻ ደምሰው ወገቡን በነጠላ ታጥቆ ከምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በዳሱ ጥግ የነበሩት የአቻምየለሽ ጓደኞች እንባቸውን ሳይጠርጉ ሲነሡ አየ። ጠፍራቸውን ከግድግዳ ላይ ያወርዱ ጀመር። ከእነሱ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ጠፍሩን ከሆዷ ከፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ቋጠረችው። ቋጠሮውን አሁን ያውቀዋል።

ያን ጊዜ ተነሣ። ሐዘንተኛ ከምንጣፉ አይነሣም፤ ግን ተነሣ። ሰዉ ወደ ደጅ የሚወጣ መስሎት መንገድ ለቀቀለት። እሱ ግን በቀጥታ ወደ አናጢ ላቀው ግቢ ሄደ፤ ዶሮዎቹን አባሮ፣ በእጅ ጋሪው ውስጥ የተጠራቀመውን ዝናብ ገልብጦ፣ እጀታዎቹን ያዘ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ በዳሱ በር፣ እየገፋ አለፈ። ሐዘን ራሱን ያዞረው የመሰላቸው ነበሩ፤ ሴቶቹም ሙሿቸውን አቁመው አዩት።

ግራዝማች ይናደው ተከትለውት ወጡ። «ባሻ! ምን ነካህ? በዚህ ቀን ሰው ይሳቅብህ?»

«ይሳቅ» አለ፣ ሳይቆም። «እሷ ማየት ፈልጋ ነበር።»

ሴቶቹንም፣ «እናንተ ለእሷ አልቅሱላት። እንጨቱን እኔ አመጣለሁ» አላቸው።

ብቻውን ወረደ። ሴቶች ለክፉ ቀን ብለው በዋሻ ጥላ ሥር የከመሩት ደረቅ ፍልጥ ነበር፤ ከእሱ ጫነ። አለመልመድ ነውና አብዝቶ ጫነ፤ በመንገዱ የመጀመሪያ እጥፋት ላይ ጋሪው ተገለበጠና ፍልጡ በጭቃው ላይ ተበተነ። እንደገና ጫነ፤ አሁን ከባዱን ወደ ፊት፣ ወደ ጋሪው እግር አስጠግቶ ደረደረው፤ ያኔ ቀለለው። አንገት ላይ ሲደርስ ቆሞ መንገዱን አየ። ከቋጥኙ እስከ ገደሉ ያለው ለአንድ ሰው እግር የሚበቃ ብቻ ነበር። የጋሪው እግር በዚያ ላይ ገባ፤ ሁለት እግር ቢኖረው ኖሮ አንደኛው በአየር ላይ ነበር። አቻምየለሽ የወደቀችበትን ቁጥቋጦ ከታች አየው። ዓይኑን ከጋሪው እግር ላይ ሳያነሣ፣ ትንፋሹን ይዞ አለፈ።

ያቃተው ከአንገት በላይ ያለው ዳገት ነው። ጭቃው ያሟልጫል፤ የድሮ ቁስሉ ያለበት ትከሻም እየከዳው መጣ። ገና አጋማሹ ሳይደርስ እግሮቹ ተንሸራተቱ፤ ጋሪው ወደ ኋላ ሊመለስበት ሲል በደረቱ ተደግፎ አቆመው። ወደ ፊት መሄድ አልቻለም፣ መልቀቅም አልፈለገም። በዚያው ተጣብቆ ቆመ። ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣው ይባላል፤ በቀብሩ ላይ ሳያለቅስ የዋለ ሰው፣ ፊቱን በፍልጡ ላይ አድርጎ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

ለቀስተኛው ከአፋፉ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። የአቻምየለሽ ጓደኞች ሊያግዙት ጠፍራቸውን እንደያዙ ወደ ታች ሮጡ። እማሆይ ወለተ ሐና ግን ምርኩዛቸውን በመንገዱ ላይ አጋድመው ከለከሏቸው።

«ተዉት» አሉ። «እኛ ኑሮን ስንገፋ ኖረናል። ዛሬ ወንድ ይግፋ።»

ድምፃቸው የአሮጊት ድምፅ ነበር፤ ግን እስከ ዳሱ ድረስ ተሰማ ይላሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው መተያየት አፍረው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ከቆይታ በኋላ አንድ ሰው ከመካከላቸው ወጥቶ በዳገቱ መውረድ ጀመረ። ግራዝማች ይናደው ነበሩ። በርኖሳቸውን አውልቀው በቁጥቋጦ ላይ ጣሉት፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ሲደርስ አላቆሙም።

ባሻ ደምሰው የእግር ኮቴ ሰምቶ ቀና አለ። ሊስቁበት የመጡ መስሎት ነበር።

«ልቀበልህ፣ ባሻ» አሉት። «እኔም ወንድ ነኝ።»

ባሻ ደምሰው ተራ በተራ እጆቹን ከእጀታው አላቀቀ፤ ግራዝማችም ገብተው ያዙ። እሱ ከጎን ሆኖ ደገፈ። ሁለት እርምጃ ወጡ፣ ተንሸራተቱ፣ እንደገና ወጡ። ይህን ጊዜ ሌሎቹ ወንዶች ከአፋፉ ወረዱ፤ አንዱ ሲደክም አንዱ እየተቀበለ፣ ጋሪው አፋፉ ላይ ወጣ። ንፍሮው ተጣደ። ያን ቀን ለአቻምየለሽ የነደደውን እንጨት አንድም ሴት በዳገቱ አልተሸከመችውም። ለቀስተኛውም ንፍሮውን ሲዘግን ሙሾ አውራጇ፣ «ጀርባዋን አሳረፉላት» እያለች ታለቅስ ነበር።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ግራዝማች ይናደው ራሳቸው አናጢ ላቀውን ጠርተው፣ ያልተጫነውን ጋሪ እንዲያፈርሰው አዘዙት ይባላል። ሁለት እግር ነበረውና ከአንዱ ጋሪ ሁለት የእጅ ጋሪ ወጣ፤ አንደኛውን ግራዝማች ወሰዱ፣ ሁለተኛውን በዚያ ቀን ጠፍሯን ከሆዷ በላይ ለቋጠረችው ሴት ባል ሰጡት። ላቀውም የተረፈውን ዕድሜውን ለየቤቱ አንድ አንድ ሲሠራ ኖረ። ባሻ ደምሰው በሸንጎ ላይ ቃል ስጥ ሲባል፣ ከዚያ ወዲህ አስቀድሞ ወደ ሴቶቹ ይመለከት ነበር አሉ። ሌላ ሚስት አላገባም። በሞተ ጊዜ ማገዶው በዚያው ዳገት፣ በወንዶች እጅ ወጣለት፤ ልማዱም ጸና።

አንገት ዛሬም እንደጠበበች ናት። የመንገድ ሰዎች መጥተው በድማሚት እናስፋላችሁ ብለው ነበር ይባላል፤ ሽማግሌዎቹ አመስግነው መለሷቸው። በእሳት የጠቆረው የቋጥኙ ፊት፣ ክረምት ከክረምት ቢያጥበውም፣ አልነጣም። ለወፍጮና ለገበያ በሜዳው ላይ የበቅሎ ጋሪ ይሄዳል፣ ማንም አይነቅፈውም፤ ከዳገቱ ሥር ሲደርስ ግን ይቆማል፣ ጭነቱም ወደ እጅ ጋሪ ይተላለፋል።

ደግሞም ከሌላ አገር ሽማግሌ ተልኮ፣ ከእንኮይ አፋፍ ልጃገረድ ለጋብቻ ሲጠየቅ፣ የልጅቷ አባት ስለ በሬውና ስለ መሬቱ ሊነገረው ሲጀመር በእጁ ያስቆማል። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የማያውቁ ሽማግሌዎች ግራ ተጋብተው ይተያያሉ፣ የሚያውቁት ግን ስለ ልጁ እውነቱን ይናገራሉ።

«ገፍቷል ወይ?» ይላቸዋል።